በሌላኛው ቦርሳ

«እሺ ላቭ፣ ሥራህ ነው።»

ይህችን ቃል ከሰማኋት ቆይቷል። ግን አልለቀቀችኝም። ዕቃ ሳጥብ ትመጣለች፣ አውቶቡስ ስጠብቅ ትመጣለች። የተናገሯት የ81 ዓመት እንግሊዛዊት ጎረቤቴ ናቸው። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። በምኖርባት በእንግሊዟ ሼፊልድ ከተማ ሰው ሁሉ «ላቭ» ነው። የአውቶቡስ ሹፌሩም ይለዋል፣ ዳቦ ቤት ያለችውም ትለዋለች፣ ጢማም ሽማግሌም ለጢማም ሽማግሌ ይለዋል። ስለዚህ በ«ላቭ» አልተታለልኩም። የከነከነኝ የኋለኛው ነው። «ሥራህ ነው።»

ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. ሜይ 4 ቀን 2023፣ ሐሙስ ዕለት ነው። በኛ ሚያዝያ 26 ቀን 2015 መሆኑ ነው። ከዚህ በኋላ ዓ.ም. ካላልኩ ዓመቱ በፈረንጅ ነው። የካውንስል፣ ማለት የከተማው ምክር ቤት፣ ምርጫ ቀን ነበር። እኔ ምርጫ ጣቢያ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው የድምፅ መስጫ ወረቀት ከሚያድሉት አንዱ ነበርኩ። ጎረቤቴ እንዳይታወቁ ስለሳቸው አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ፤ ሰፈሩንም አልጠራም። የቀረው እንደሆነው ነው።

## ወረቀት አዳዩ

መጀመሪያ የሚያስቀውን ልንገራችሁ። ያን ቀን ለስንትና ስንት ሰው ወረቀት ቆርጬ ሰጠሁ። ለራሴ ግን አንድም መውሰድ አልችልም ነበር። ምርጫ አስፈጻሚ ለመሆን የሥራ ፈቃድ ካለህ ይበቃል። ዜግነት የሚጠየቀው ለመምረጥ ነው። እኔ ያኔ እንግሊዝ አገር ስምንተኛ ዓመቴ ነበር። ሥራ አለኝ፣ የካውንስል ታክስ እከፍላለሁ፣ ቆሻሻዬን በየቀለሙ ለይቼ አወጣለሁ። የዜግነት ማመልከቻዬ ግን ገና መልስ አልመጣለትም።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ደረስን። ማታ የተማሪዎች ጂምናስቲክ የሚሠራበት አዳራሽ ነው። መከለያዎቹን አቆምን፣ በክር የታሰሩትን እርሳሶች አየን፣ ማስታወቂያዎቹን ለጠፍን። ልክ አንድ ሰዓት ሲል የጣቢያው ኃላፊ ጥቁሩን የፕላስቲክ ሳጥን ከፍታ ባዶ መሆኑን አሳየችንና አሸገችው። እኔ በልቤ «ኮሮጆ» እለዋለሁ። እሷ የታሪክ ነገር ትወዳለች። በእንግሊዝ ምስጢራዊ ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው ከኛ ብዙም በማይርቀው በፖንተፍራክት እንደሆነ ነገረችኝ። ዘመኑ 1872 ነው። ሳጥኑን ያሸጉት ከከተማው የሊኮሪስ ከረሜላ ፋብሪካ ባመጡት ማኅተም ነበር አለች። አላመንኳትም። ኋላ ሳጣራ እውነት ሆኖ አገኘሁት። ሳጥኑ ዛሬም እዚያው ከተማ ሙዚየም አለ።

ሁለት ሰዓት ገደማ አንድ ናይጄሪያዊ ተማሪ መጣ። «ይሄ የመጀመሪያ ክረምቴ ነበር፣ አይደገምም» እያለ እየሳቀ የመኖሪያ ፈቃድ ካርዱን አሳየኝ። እኔ ኪስ ውስጥ ያለው ዓይነት ካርድ ነው። ስሙ መዝገቡ ላይ አለ። ወረቀቱን ሰጠሁት፣ መረጠ፣ ሄደ። በዚህ አገር ሕግ የኮመንዌልዝ አገር ዜጋ ፈቃድ ይዞ እስከኖረ ድረስ ይመርጣል። ናይጄሪያ፣ ጋና፣ ኬንያ፣ ሕንድ፣ ፓኪስታን፤ አብዛኞቹ እንግሊዝ የገዛቻቸው ናቸው። እኛ የለንበትም። «አልተገዛንም» ብለን ደረታችንን የምንነፋበት ታሪክ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ አንድ ወረቀት አስቀረብን። ለነገሩ ጉዳዩ ይሄ ብቻ አይደለም። ሩዋንዳና ሞዛምቢክም የእንግሊዝ ቅኝ ሳይሆኑ ማኅበሩ ገብተዋል፤ ሰዎቻቸውም ይመርጣሉ። ይህን ለአንድ ኤርትራዊ ወዳጄ ሳጫውተው፣ «እናንተስ ይሁን። እኛን ከ1941 እስከ 1952 ሲያስተዳድሩን አልነበር? ለአሥራ አንድ ዓመት አንዲት ድምፅ እንኳ ትነሰን?» ብሎ አሳቀኝ።

እንዲህ ስለራሴ እያሰብኩ፣ በራሴ እየቀለድኩ ነው ቀኑን የጀመርኩት። እንግዳው እኔ ነኝ። ባለቤቶቹ እነሱ ናቸው። ድልድሉ ግልጽ ነበር።

## ለምን እንደሚመጡ

ጎረቤቴ ምርጫ አያመልጣቸውም ነበር። የካውንስል ምርጫ እንግሊዝ ውስጥ ብዙ ሰው አይጠራም፤ ከሦስት መራጭ አንዱ ገደማ ከመጣ ደህና ነው። ሼፊልድ 28 ዋርዶች፣ ማለት የምርጫ ክልሎች፣ አሏት። እያንዳንዱ ሦስት ካውንስለር (የምክር ቤት አባል) ይኖረዋል፤ በድምሩ 84። ሁሉም ባንዴ አይመረጡም። በየዓመቱ ከየዋርዱ አንድ ወንበር ለምርጫ ይቀርብና በአራተኛው ዓመት እረፍት ነው። እንደ ሼፊልድ ያሉ ትልልቅ የከተማ አስተዳደሮች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ምርጫው በየሜይ ወሩ ስለሚመጣ ሰው ይሰለቸዋል። «አሁን ደግሞ የምን ምርጫ ነው?» የሚል እንግሊዛዊ ስንቴ ሰማሁ!

ለሳቸው ግን ዛፉ አለ። ከደጃችን፣ ከመንገዱ ዳር፣ ከቤቶቹ የሚበልጥ ዕድሜ ያለው ዛፍ ቆሟል። በ2012 በተጀመረ የመንገድ ጥገና ውል ሼፊልድ ውስጥ ከ5,000 በላይ የመንገድ ዳር ዛፎች ተቆረጡ። ብዙዎቹ ደህና ነበሩ የሚል ጠብ ተነሣ። ሰው ግንድ አቅፎ ቆመ፣ ፖሊስ መጣ፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ኩርፊያው በዛፍ ብቻ አልቀረም። በ2021 ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ 65 በመቶ ገደማ የሚሆነው መራጭ ከተማዋ የምትመራበት መንገድ እንዲቀየር ወሰነ። ጥቂት ሰዎች ብቻቸውን መወሰናቸው ቀርቶ ሥራው ለኮሚቴዎች ተከፋፈለ። እንግዲህ አንድ ዛፍ እንዲህ ያደርጋል። ጎረቤቴ ይህን ሁሉ የሚያጫውቱኝ በአጥር ላይ ሆነው፣ ሻይ በእጃቸው ይዘው ነው። ማንን እንደሚመርጡ ግን አንድም ቀን ነግረውኝ አያውቁም። «እሱ የኔና የእርሳሱ ጉዳይ ነው» ይላሉ።

## ስምንት ሰዓት ላይ

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ምርጫ ጣቢያ የሚያንቀላፋበት ሰዓት ነው። ወደ ሥራ የሚሄዱት ጠዋት መጥተው ሄደዋል። ከሥራ የሚመለሱት ገና ናቸው። ውጪ ያካፋል። ከቤት ያመጣሁትን ፍርፍር በቀዝቃዛው በልቼ መጨረሴ ነበር። ጣቢያውን ትቶ መውጣት የለም፤ ከጠዋት እስከ ማታ እዚያው ነህ።

በሩ ተከፈተና እሳቸው ገቡ። ጃንጥላቸውን አጠፉ፣ ሁለቴ አራገፉት። ለብሰው ነው የመጡት። ገበያ ሲሄዱ የሚለብሱትን አይደለም፤ ለቤተ ክርስቲያን የሚወጣውን ሰማያዊ ኮት ነው። ከንፈራቸውን ተቀብተዋል። የኛ እናቶች ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው ሲሰለፉ ትዝ አለኝ። እኔን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«አንተ! ደግሞ ክራባት!»

ደስ አለኝ። አጥር ላይ ተደግፎ ከሚያወራው ሰውዬ ሌላ መሆኔን ያዩልኝ መሰለኝ።

ደንቡ ስምና አድራሻ መጠየቅ ነው። የማውቀውን ጠየቅሁ። እሳቸውም የማውቀውን እየሳቁ ነገሩኝ። ማስመሪያዬን መዝገቡ ላይ ቁልቁል አንሸራትቼ ከስማቸው ሥር አቆምኩት። ከዚያ ማለት ያለብኝን አልኩ። «ፎቶ ያለበት መታወቂያ ይዘዋል?»

ሳቁ። ቀልድ መሰላቸው። «አታውቀኝም እንዴ?»

እኔም አብሬ ሳቅሁ። አሁን የሚያሳፍረኝ ያ ሳቅ ነው። ሳቄን ሳልጨርስ «አዲስ ሕግ ወጥቷል» አልኳቸው።

ቦርሳቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ከፈቱት። የቤት ቁልፍ ወጣ። መነጽር። የሚንት ከረሜላ። የቤተ መጻሕፍት ካርድ፤ ፎቶ የለውም። የባንክ ካርድ፤ አይሆንም። አንዱን ባነሡ ቁጥር ቀና ብለው ያዩኛል። እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ። እንደገና ይፈልጋሉ። የሰው ቦርሳ ውስጥ ያለውን እንዲህ አንድ በአንድ ማየት ነውር ነው፤ ግን ዓይኔን የት ላድርግ? በመጨረሻ ከጎን ኪሱ አንዲት ትንሽ ፎቶግራፍ አወጡ። ከሟቹ ባላቸው ጋር ባሕር ዳርቻ ቆመው የተነሡት ነው። የሠላሳ ዓመት ፎቶ ይሆናል። «ፎቶ ካልክ ይኸው» አሉኝ። «ይቺ እኔ ነኝ።»

ልክ እሳቸው ናቸው። ያ አገጭ፣ ያ ቀና ያለ አንገት።

ኃላፊያችን ተነሥታ መጣች። ወረቀት የመከልከል ሥልጣኑ የሷ እንጂ የኔ አይደለም። ለስላሳ ሴት ናት። ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸውና የሚፈቀዱትን ዘረዘረችላቸው። ፓስፖርት፣ መንጃ ፈቃድ፣ ፎቶ ያለበት የአረጋውያን የአውቶቡስ ካርድ፣ ባስ ፓስ የሚሉት…

«ባስ ፓስ አለኝ!» አሉ። ፊታቸው መልሶ በራ፤ ወዲያው ጠፋ። «በሌላኛው ቦርሳ ነው።»

ሌላኛው ቦርሳ የዘወትሩ ነው። ይኼኛው ከሰማያዊው ኮት ጋር የሚሄደው ነው። ለምርጫው ክብር ብለው ባይለብሱ ኖሮ ባስ ፓሱ አብሯቸው ይመጣ ነበር።

ኃላፊያችንን ወደ ጎን አልኳትና በቀስታ «አውቃቸዋለሁ እኮ፣ ጎረቤቴ ናቸው» አልኳት። «አምንሃለሁ» አለችኝ። «ሕጉ ግን ለሱ ቦታ አልተወለትም።» እውነቷን ነው። እሷ ራሷ ልጃቸው ብትሆን እንኳ ለውጥ አልነበረውም። ወደሳቸው ተመልሳ እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ይዘው መምጣት እንደሚችሉ ነገረቻቸው።

እሳቸው ዞር ያሉት ወደኔ ነው። የከለከለቻቸው እሷ ናት፤ ያዩት ግን እኔን ነው። እኔ የቤት ቁጥራቸውን ብቻ አይደለም የማውቀው። የትኛው ጉልበታቸው እንደሚያማቸው አውቃለሁ። ከዚህ አዳራሽ እቤታቸው ያለው ዳገት ምን እንደሚያደርጋቸው አውቃለሁ። ሼፊልድ እንደ አዲስ አበባ ዳገትና ቁልቁለት ናት፤ ለጉልበት አትራራም።

«እሺ ላቭ፣ ሥራህ ነው» አሉ። ጃንጥላቸውን አንሥተው ወጡ።

ማስመሪያዬ አሁንም ከስማቸው ሥር ነበር።

ለእንዲህ ያለው ጉዳይ የሚሞላ ቅጽ ነበረን። ስንት ሰው እንደተመለሰና ከተመለሱት ውስጥ ስንቱ መታወቂያ ይዞ እንደመጣ ይመዘገባል። የመጀመሪያው ላይ ተመዘገቡ። ከዚያ በር በሩን ማየት ጀመርኩ። አሥር ሰዓት፣ አሥራ አንድ ሰዓት። ከሥራ የሚመለሰው ሕዝብ መጣ። ልጅ ያቀፈ፣ ውሻ የጎተተ። አንድ ሰው ውሻውን ደጅ ያሰረ እንደሆነ «እሳቸው ይሆኑ?» እያልኩ በበሩ ክፍተት አያለሁ። አራት ሰዓት ሲሆን ኃላፊያችን በሩን ዘጋች። ሁለተኛው ቦታ ባዶ ነበር።

ከወራት በኋላ የአገሪቱ የምርጫ ኮሚሽን ከየጣቢያው የተሰበሰበውን ደምሮ አወጣ። በዚያ ምርጫ መታወቂያ ባለመያዛቸው ሳይመርጡ የቀሩት ቢያንስ 14,000 ያህል ናቸው ይላል። ጣቢያ ሄደው ለመምረጥ ከሞከሩት 0.25 በመቶ መሆኑ ነው። ሬዲዮ ላይ ሲነበብ ሰማሁት። ቁጥሩ ትንሽ ነው የሚል ሰው ነበር፣ ትልቅ ነው የሚልም ነበር። እኔ የማስበው ስለ ሚንት ከረሜላው ነበር።

## ኪስ

የኔ ጥፋት ግን ጠረጴዛው ላይ የሆነው አይደለም። እዚያ ሌላ ማድረግ የምችለው አልነበረም። ጥፋቴ የሆነው አንድ ቀን ቀደም ብሎ ነው።

ረቡዕ ማታ አጥር ላይ ቆመን ነበር። ስለ ዝናቡ አወራን። ስለ ጉልበታቸው አወራን። «ነገ እንግዲህ ምርጫ ነው» አሉኝ። «አዎ፣ ነገ ነው» አልኩ። በቃ። ከሳምንት በፊት ግማሽ ቀን ሙሉ ሥልጠና ወስጃለሁ። ስለ መታወቂያ ነው የሠለጠንነው! ፊቱን የሸፈነ ሰው በምን ገለል ብሎ እንደሚታይ፣ ሲጨርስ መልሶ እንዲሸፈንበት መስታወት እንደሚቀመጥለት፣ ጊዜው ያለፈ ፓስፖርት ፎቶው እስከመሰለ ድረስ እንደሚሠራ። ይህን ሁሉ በራሴ ይዤ ቆሜያለሁ። «መታወቂያዎን እንዳይረሱ» ለማለት ሁለት ቃል ይበቃ ነበር። አላልኩም።

ለምን አላልኩም? ብዙ አውጥቼ አውርጄ የደረስኩበት ይህ ነው፤ ሰው ያለ መታወቂያ ከቤቱ ይወጣል ብዬ ማሰብ አልቻልኩም። ጭራሽ አልመጣልኝም።

እኔ ከአሥራ ስምንት ዓመቴ ጀምሮ ያለ መታወቂያ ደጅ ወጥቼ አላውቅም። አዲስ አበባ ስንኖር እናቴ ከቤት ስወጣ የምትጠይቀኝ ሁለት ነገር ነበር። በልተሃል? መታወቂያህን ይዘሃል? ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ሌሊት አሥር ሰዓት ተነሥቼ ስሰለፍ መታወቂያዬንና የመራጭነት ካርዴን ደረት ኪሴ ከትቼ እጄን ከላዩ አላነሣሁም። ያን ቀን ሰልፉ ሰፈሩን ዞሮ ነበር፣ እስከ ሌሊት ቆየ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እናንተም ታውቁታላችሁ። በአፈሳው ሰሞን መንገድ ላይ «መታወቂያ!» ሲባል ልብ እንዴት እንደምትወርድ የሚያውቅ ያውቃታል። ከዚያ ስደት መጣ። እዚህ ደግሞ የስደተኛ ወረቀት አለ። ኪሴን ሳልዳብስ በር ዘግቼ አላውቅም፤ ዛሬም፣ ወተት ልገዛ ስሄድም።

እሳቸው ኪሳቸውን አይዳብሱም። እንግሊዝ የዜጋ መታወቂያ የላትም። አንድ ጊዜ ነበራት፤ በጦርነቱ በ1939 ተጀምሮ በ1952 ቀረ። ይህን ኋላ ላይ ራሳቸው ናቸው ያጫወቱኝ። ልጅ ሆነው ካርድ ነበራቸው። ሲቀር እናታቸው ደስ ብሏቸው እሳት ውስጥ ጨመሩት። ለሳቸው መታወቂያ ከራሽን ዳቦና ከአውሮፕላን ቦምብ ጋር የሚታወስ ነገር ነው። መታወቂያ ሳትይዝ መውጣት መርሳት ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው በአገርህ ላይ ዘና ማለት ነው። ሰባ ዓመት ሙሉ ማንም መንገድ ላይ «ማን ነሽ?» ያላላቸው ሴት ናቸው። መጀመሪያ የጠየቃቸው እኔ ሆንኩ። ከሩቅ መጥቼ፣ ክራባት አስሬ።

ሰው በአገሩ፣ ሰው በወንዙ፣
ቢበላ ሣር፣ ቢበላ መቅመቆ፣
ይከበር የለም ወይ ሰውነቱ ታውቆ።

ይህን ስንት ጊዜ ብለነዋል፤ በየሠርጉ፣ በየለቅሶው፣ በየስደተኛው ክፍል። ሁልጊዜ ስለራሴ ነበር የማዜመው። «ሰውነቱ ታውቆ» የሚለው ለኔ የቀረብኝ ነገር ነበር። ያን ቀን ግን በወንዛቸው ላይ የቆሙት እሳቸው ናቸው፤ አላወቅሁም ያልኩት እኔ ነኝ።

## በቅሎዋና ጭብጦዋ

ሕጉን ለመስደብ አይደለም ይህን የምጽፈው። እንዲያውም መጀመሪያ ስሰማው የገረመኝ ተቃራኒው ነው። ከ2023 በፊት እንግሊዝ አገር ለመምረጥ ስምህንና አድራሻህን መናገር ብቻ ይበቃ ነበር። «እንዴ! ሌላ ሰው ስሜን ጠርቶ ቢመርጥስ?» ብዬ ስጠይቅ እንግሊዞቹ ጥያቄው ራሱ ገረማቸው። ሰሜን አየርላንድ ውስጥ ከ2003 ጀምሮ ፎቶ ያለው መታወቂያ ይጠየቃል። በኛም አገር ያለ ካርድ ምርጫ የለም። ሕጉ በ2022 ሲጸድቅ በበኩሌ «ዘገዩ» ነው ያልኩት። መታወቂያ የሌለው ደግሞ በነፃ ማውጣት ይችላል። ምን ጎደለ?

አባቴ የሚወዳት ተረት አለች። «በሕግ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች።» በሕግ የተወሰደብህ ትልቅ ነገር አያንገበግብም፤ በጉልበት የተወሰደች ቁራሽ ናት የምታንገበግብ። በዚህች ተረት ነው ያደግሁት፣ አምኜባትም ነበር። ከዚያ ሐሙስ በኋላ ግን አባቴ ይቅር ይበለኝና በቅሎዋም ትቆጫለች። ማንም አልበደለ፤ ኃላፊያችን ልክ ናት፣ እኔ ልክ ነኝ፣ ቅጹ ልክ ነው። በቅሎዋ ግን ሄደች።

ደግሞ በኛ ቀበሌ አንድ ነገር ነበር። መታወቂያ ለማውጣት ማስረጃ የሌለው ሰው «ሦስት ምስክር ይዘህ ና» ይባላል። ሦስት የሰፈር ሰው ይመጣል። «አዎ እናውቀዋለን፣ የእከሌ ልጅ ነው» ብለው ይፈርማሉ። ስንስቅበት ነበር። ምስክሮቹ አንዳንዴ በሻይ ይገዛሉ፣ አንዳንዴም ሰውዬውን ያዩት ያን ቀን ጠዋት ነው። ለማጭበርበር የተመቸ ነገር ነው፤ አልክድም። ግን ሐሳቡን እዩት። ካርዱ የሚመጣው ከሰው እውቀት ነው። መጀመሪያ ሰው ያውቅሃል፤ ከዚያ ወረቀቱ ይከተላል። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ግን እኔ ሙሉ ምስክር ሆኜ ተቀምጬ ምስክርነቴ ዋጋ አልነበረውም።

ይቅርታ ለመጠየቅ ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። በማግስቱ ቆሻሻ የሚወጣበት ቀን ነበር፤ እንደወትሮው «ሞርኒንግ ላቭ» አሉኝ። እንዳልተቀየሙ አየሁና ዝም አልኩ። ዝም ማለቱ ቀላል ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ባለቤቴ ዶሮ ወጥ የሠራች ቀን ሳህን ይዤ ሄድኩና ተናገርኩት። «ረቡዕ ማታ ልነግርዎ ይገባኝ ነበር።» ሳቁ። የተላከላቸው የምርጫ ደብዳቤ ላይ በትልቁ ተጽፎ ነበር፤ ስንት ዓመት ሲመጣ የኖረ ወረቀት ስለሆነ አላነበቡትም። «ለምን አልተመለሱም?» አልኳቸው። ጉልበታቸውን ይነግሩኛል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ደርሼ ባስ ፓሱን ያዝኩት» አሉኝ። «በሩ ድረስም ወጣሁ። ከዚያ ያ አዳራሽ ትዝ አለኝና አፈርኩ። ልክ ሱቅ ገብቼ ገንዘብ የጎደለኝ ይመስል።»

እኔ እንግዲህ ገንዘብ ተቀባዩ ነበርኩ።

## ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ

ዜግነቴ በዚያው ዓመት መጸው ላይ መጣ። እጄን አንሥቼ ማልኩ፣ ልጆቼ ፎቶ አነሡኝ። ወዲያው በመራጭነት ተመዘገብኩ። በሜይ 2 ቀን 2024 ሌላ ምርጫ ነበር፤ ለካውንስሉም፣ ለደቡብ ዮርክሻየር ከንቲባም። እዚያው ጣቢያ ተመደብኩ። ኃላፊያችንም ያችው ናት።

አንድ ሰዓት ላይ ሳጥኑን አሸገች። ገና ሰው አልመጣም። የምንሠራበት ጣቢያ የራሳችን ከሆነ እዚያው መምረጥ ይቻላል። ከወንበሬ ተነሥቼ ጠረጴዛውን ዞርኩና እንደ ማንኛውም ሰው ከፊቷ ቆምኩ። ፈገግ አለች። ባለፈው ዓመት ከአሥራ አምስት ሰዓት በላይ አጠገቧ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ፤ ፍርፍሬን አካፍያታለሁ። ስሜንና አድራሻዬን ጠየቀችኝ። ስለ መታወቂያ ልትጠይቅ አፏን ሳትከፍት ፓስፖርቴ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«አንተ እኮ ለዚህ የተፈጠርክ ነህ» አለችኝ። ለቀልድ ነው ያለችው።

ወረቀቴን ይዤ ወደ መከለያው ገባሁ። ያን እርሳስ ስንት ሰው ሲጠቀምበት አይቻለሁ። ለካ ክሩ አጭር ነው፤ ጎንበስ ማለት አለብህ። ስለ ምርጫዬ ጎረቤቴ እንዳሉት ነው፤ የኔና የእርሳሱ ጉዳይ ነው።

ያን ዕለት ማታ በስልካችን ዜና ደረሰ። ቦሪስ ጆንሰን ሳውዝ ኦክስፎርድሺር ውስጥ ሊመርጡ ሄደው መታወቂያ ስላልያዙ ተመለሱ። ሕጉን ያወጣው መንግሥት መሪ እሳቸው ነበሩ። ኋላ ይዘው መጥተው መረጡ። አዳራሹ ውስጥ ሁሉም ሳቀ። እኔም መሳቄ አልቀረም። ጆንሰን ግን ያፈሩ አይመስለኝም።

ወደ ጠዋቱ ልመለስ። መርጬ ወንበሬ ላይ ስቀመጥ መዝገቡ እንደተከፈተ ነበር። ማስመሪያው ከስሜ ሥር ቆሟል። መዝገቡ በቤት ቁጥር ቅደም ተከተል ስለሆነ የጎረቤቴ ስም ከኔ ሁለት መስመር ከፍ ብሎ ነው። በአጠገቡ አንዲት ፊደል ታትማለች። «ኤ»። በፖስታ የሚመርጥ ሰው ምልክት ናት። በፖስታ የሚመርጥ ሰው እዚህ መምጣት አይጠበቅበትም። ፎቶ የሚያየው፣ ቦርሳውን የሚያስከፍተው የለም።

አልነገሩኝም ነበር። ሁሉን የምንነጋገር ሰዎች ነን፤ ስለ ጉልበት፣ ስለ ዛፍ፣ ስለ ዶሮ ወጥ። ይህን ግን አልነገሩኝም። ምናልባት እንዳላዝን ብለው ይሆናል። ወይም እንደ እርሳሱ የራሳቸው ጉዳይ ነው ብለው።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ግን ሳላስበው ወደ በሩ አየሁ። ያን ቀን ዝናብ አልነበረም።